አይፒኢ 180 ለ3 ሜትር ክፍት፦ ብረቱ ይበቃል፣ ፈተናው ማረፊያው ላይ ነው

አይፒኢ 160 እና 180፣ ቁጥራቸው ቁመታቸውን በሚሊ የሚነግር ባለ I ቅርጽ የብረት ቢሞች፣ ከሩቅ ሲታዩ አንድ ይመስላሉ። ሶሌታ (የአርማታ ንጣፍ ጣሪያ ወይም ወለል) በተሸከመ ግድግዳ ላይ 3 ሜትር ሲከፈት ግን ልዩነታቸው በልስኑ ስንጥቅ ይነበባል።

ስፋቱ 4 ሜትር የሆነ ሳሎን ወደ በረንዳ ይከፈት እንበል። የዳር ግድግዳው የሚሸከመው የሶሌታውን ግማሽ፣ ማለትም 2 ሜትሩን ነው። 15 ሳንቲ ሶሌታ ከነንጣፉ በካሬ 500 ኪሎ፣ የሰውና የዕቃ ጭነት 200፤ ይህ 700 በ2 ሜትር ሲባዛ 1400 ነው። ከላይ ደግሞ 1 ሜትር ከፍታ ያለው የብሎኬት ፓራፔት (የጣሪያ ዳር አጭር ግድግዳ) በሜትር 300 ኪሎ ገደማ፤ ሲደመር በእያንዳንዱ ሜትር 1700 ኪሎ። ቢሙ በየጫፉ 20 ሳንቲ ስለሚያርፍ ስሌቱ በ3.2 ሜትር ይሠራል፤ የሚቆረጠው ግን 3.4 ነው። በዚህ ጭነት 160ው ወደ 13 ሚሊ ይረግባል፣ 180ው 8.4። ልስን እንዳይሰነጠቅ የምንይዘው ወሰን ርዝመቱ ለ360 ተካፍሎ ነው፤ 9 ሚሊ አይሞላም። ስለዚህ 180 እንመክራለን። ሶሌታው ከሁለቱም ወገን ያረፈበት የመሃል ግድግዳ ከሆነ ጭነቱ እጥፍ ሊጠጋ ስለሚችል ይህን ቁጥር አይጠቀሙ፤ መሐንዲስ እንደገና ያስላው።

ሲገዙ በስም አይመኑ። ትክክለኛው 180 የክንፉ (የላይና የታች አግድም ጠፍጣፋው) ውፍረት 8 ሚሊ፣ የመሃሉ ቋሚ ጠፍጣፋ 5.3 ሚሊ ነው፤ የ6 ሜትሩ ብረት 113 ኪሎ ይመዝናል። 100 ኪሎ ከመጣ ይመልሱት።

ድክመቱ ጠባብነቱ ነው። የክንፉ ስፋት 91 ሚሊ ብቻ ስለሆነ በየጫፉ የሚወርደው 2.7 ቶን በጠባብ ቦታ ላይ ይከማቻል፤ ባዶ ብሎኬት ላይ በቀጥታ ከተቀመጠ ብሎኬቱ ይደቃል። 20 በ40 በ20 ሳንቲ የአርማታ ማረፊያ ይሙሉለት፣ ከሥሩ ያሉትን ብሎኬቶች ቀዳዳም እስከ መሠረቱ በአርማታ ይድፈኑ። ይህ ተዘሎ የተሠራ ሥራ ብረቱ የቱንም ያህል ጥሩ ቢሆን አይረዳውም።

ግድግዳው ከመነካቱ በፊት ሶሌታው ከግድግዳው 60 ሳንቲ ርቆ፣ ከ1 ሜትር ባልበለጠ ልዩነት በብረት ድጋፍ ይያዝ፤ ከድጋፎቹ በላይና በታች ወፍራም ጣውላ ይግባ። ቢሙ አንቲረስት ተቀብቶ ከወጣ በኋላ በእሱና በሶሌታው መካከል የሚቀረው ክፍተት በብረት ሽብልቅ ተወጥሮ፣ 1 ሲሚንቶ ለ3 አሸዋ በሆነ ደረቅ ሞርታር እየተጠቀጠቀ ይሞላ። ክፍተቱ እንዲሁ ከተለሰነ ድጋፉ በተነሳ ቀን ሶሌታው ያንኑ ያህል ይወርዳል። ስለዚህ ሞርታሩ ቢያንስ 7 ቀን ውኃ ሳይጠጣ ድጋፉ አይነሳ።