መታወቂያው የእሱ አይደለም፦ ላፕቶፕ ከዱባይ አስመጣለሁ ስለሚል የቴሌግራም ሻጭ የተጻፈ ማስጠንቀቂያ

ይህን የምጽፈው፣ ላፕቶፕና ስልክ ከዱባይ በትእዛዝ አስመጣለሁ እያለ በቴሌግራም ቅድሚያ ክፍያ የሚቀበል አንድ ሰው የራሱ ባልሆነ ስምና መታወቂያ እንደሚሠራ በደረሰብኝ ጉዳት ስላወቅሁና፣ ዛሬም በሌላ ስም ሥራውን እየቀጠለ ነው ብዬ እንድጠረጥር የሚያደርግ በቂ ምክንያት ስላለኝ ነው። የተጠቀመበትን ስም እዚህ አልጽፍም፤ የላከልኝንም መታወቂያ አልለጥፍም። እሱን ለመሸፈን ብዬ አይደለም። ስሙም ፎቶውም እንደ እኔ የተታለለ የአንድ ንጹሕ ሰው ናቸው። ሰውዬው ከገንዘባችን ጋር መታወቂያችንንም ይወስዳል፤ በወሰደው መታወቂያም ቀጣዩን ሰው ያጠምድበታል።

ነገሩ የጀመረው ባለፈው ጥቅምት ነው። ልጄ የሶፍትዌር ምሕንድስና ተማሪ ናት፤ ለትምህርቷ የሚሆን ላፕቶፕ ፈልጌ እዚህ ባሕር ዳር ያሉ ሱቆችን ስጠይቅ የምትፈልገው ዓይነት ከ84,000 እስከ 90,000 ብር ይባል ነበር። በሥራ ባልደረቦቼ ግሩፕ ውስጥ የተላለፈ ማስታወቂያ ተከትዬ የደረስሁበት ቻናል ያንኑ ሞዴል በ68,000 ብር አቅርቦታል። ዋጋው ከዚህ በታች ቢወርድ ኖሮ እሸሽ ነበር። የቀነሰው ግን ዕቃውን ከውጭ በሻንጣ ይዞ የሚገባ ሰው ሊቀንስ የሚችለውን ያህል ነው፤ ስለዚህ ዋጋው እጅግ ርካሽ ከሆነ ሽሹ የሚለው የተለመደ ምክር በዚህ ሰው ላይ አይሠራም።

በውስጥ መስመር ስጽፍለት አነጋገሩ ጨዋ ነበር። ከመጀመሪያው መልእክት ጀምሮ "ጋሼ" እያለ ጠራኝ። ላፕቶፑ ለምን እንደሚፈለግ ጠይቆ፣ ለሶፍትዌር ትምህርት ከሆነ ራሙ 16 ጊጋ ቢሆን እንደሚሻል መከረኝ፤ ምክሩም ትክክል ነበር። ይህን የማነሣው አጭበርባሪ ሲባል በተሰባበረ አማርኛ የሚጽፍና ሰውን የሚያጣድፍ ብቻ እንዳይመስላችሁ ነው። ግማሹን ክፍያ ማለትም 34,000 ብር በቅድሚያ እንድልክ ሲጠይቀኝ ማመንታቴን አየ፤ ሳልጠይቀውም "ጋሼ፣ ስጋትዎ ይገባኛል፤ ዘመኑ ክፉ ነው፤ መታወቂያዬን ልላክልዎትና ይረጋጉ" ብሎ የአንድ የቀበሌ መታወቂያ ፊትና ጀርባ ፎቶ ላከልኝ። ማኅተሙ ጥርት ብሎ ይታያል፤ ስም እስከ አያት፣ የቤት ቁጥር፣ የአደጋ ጊዜ ተጠሪ ሁሉ ተጽፎበታል። ፎቶው የተነሣው መታወቂያው አበባማ የጠረጴዛ ልብስ ላይ ተቀምጦ ነው። ይህን የጠረጴዛ ልብስ አስታውሱልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

ቀጥሎ ዕቃው በእኔ ስም ስለሚገባ ለጉምሩክ ያስፈልጋል ብሎ የእኔን መታወቂያ ጠየቀኝ። እሱ የራሱን ከሰጠኝ በኋላ የእኔን መንፈግ ነውር መስሎ ታየኝ። የፋይዳ መታወቂያዬን ሰማያዊ ደብተር ላይ አስቀምጬ፣ ፊቱንም ጀርባውንም አንሥቼ ላክሁለት። ከከፈልሁት ገንዘብ ሁሉ ይልቅ ዛሬ እንቅልፍ የሚነሣኝ ያ ፎቶ ነው።

የባንክ ሒሳብ ቁጥሩን በስልኬ ሳስገባ የወጣው ስም መታወቂያው ላይ ካለው ስም ጋር አይገናኝም፤ የሴት ስም ነበር። ጠየቅሁት። የሒሳብ ሠራተኛቸው እንደሆነችና የእሱ ሒሳብ የቀን ገደቡን እንደሞላ ነገረኝ። በዝውውር ላይ የቀን ገደብ መኖሩን ስለማውቅ አመንሁት። እባካችሁ፣ እዚህ ላይ ቁሙ። ገንዘቡ ከመውጣቱ በፊት የተቀባዩ ስም የሚታየን እንድናነጻጽረው ነው፤ ስሙ ከነጋዴው ስም ከተለየ፣ የሚሰጣችሁ ምክንያት ምንም ያህል ልክ ቢመስል፣ አትክፈሉ።

ከ12 ቀን በኋላ ዕቃው አዲስ አበባ አየር ማረፊያ ጉምሩክ ተይዟል አለኝና 14,500 ብር የሚጠይቅ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ላከ። ገንዘቡ የሚገባው እዚያው የሴትየዋ ሒሳብ ውስጥ ነው። ልጄ ስትጠብቅ ስለነበር፣ የከፈልሁትም እንዳይባክን ብዬ ላክሁ። ማታ ደብዳቤውን ለልጄ ሳስተላልፍላት ከእኔ ይልቅ በጥንቃቄ አነበበችው፤ ራስጌው ላይ የተጻፈው "የኢትዮጵያ ገቢዎችና ጉምሩክ ባለሥልጣን" ነበር። ያ መሥሪያ ቤት በ2000 ዓ.ም. የተቋቋመ ሲሆን በ2011 ዓ.ም. ሥራው ለገቢዎች ሚኒስቴርና ለጉምሩክ ኮሚሽን ተከፍሏል፤ ዛሬ በዚያ ስም ደብዳቤ የሚጽፍ አካል የለም። ደብዳቤው ምናልባት ከአሮጌ ሰነድ ላይ ተቀድቶ ቀኑ ብቻ የተለወጠ ነው። ራስጌው ትክክል ቢሆን እንኳ ቀረጥና ታክስ ለመንግሥት በሰነድ የሚከፈል እንጂ በግለሰብ የባንክ ሒሳብ የሚሰበሰብ አይደለም።

በማግስቱ ጠዋት ስለ ራስጌው ጠየቅሁት። መልስ አልሰጠም። በደቂቃዎች ውስጥ የተጻጻፍነው በሙሉ፣ የድምፅ መልእክቶቹም ጭምር፣ ከእኔ ስልክ ላይ ጠፋ። ቴሌግራም አንዱ ወገን የሁለቱንም ንግግር ከሁለቱም ስልክ እንዲያጠፋ ይፈቅዳል፤ እኔ ይህን አላውቅም ነበር። የቀረልኝ ለልጄ ያስተላለፍሁት ደብዳቤ፣ በስልኬ የተቀመጠው የመታወቂያ ፎቶና የባንክ ደረሰኞቹ ናቸው። 48,500 ብር ሄደ። ስለዚህ መጠርጠር ከጀመራችሁ ሰውዬውን ከመጠየቃችሁ በፊት ንግግሩን ስክሪንሾት አንሡ፤ የድምፅ መልእክቶቹን ወደ ሌላ ቦታ አስቀምጡ፤ የቻናሉን መጠሪያ ሊንክም ያዙ።

መታወቂያው ላይ የተጻፈው አድራሻ በምሥራቅ ጎጃም የምትገኝ አንዲት ከተማ ነው። እዚያ የሚኖር ዘመድ ስላለኝ እንዲያጠያይቅልኝ አደረግሁ። ቁጣዬ ገና አልበረደም ነበርና ሰውዬውን ሳገኘው የምናገረውን ሁሉ አዘጋጅቻለሁ። የመታወቂያው ባለቤት በሁለት ቀን ውስጥ ተገኘ፤ የሁለተኛ ደረጃ መምህር ነው። ስልክ ደውዬ ጉዳዬን ጀምሬ ሳልጨርስ "እርስዎ አምስተኛው ነዎት" አለኝ።

መምህሩ ከእኔ ስምንት ወር ቀደም ብሎ ስልክ አዝዞ 19,000 ብር ተበልቷል። እሱም ለጉምሩክ ያስፈልጋል ተብሎ መታወቂያውን ልኳል። እጄ ላይ ያለውን ፎቶ ስልክለት ወዲያው አወቀው፤ የጠረጴዛ ልብሱ ሳሎኑ ውስጥ ያለው ነው፤ ፎቶውንም ያነሣው ራሱ ነው። ከተጎዱት አንዱ ይህንኑ ፎቶ "ሌባውን እወቁት" ብሎ በትልልቅ ግሩፖች ውስጥ አሠራጭቶት ስለነበር፣ ተማሪዎቹም የተማሪዎቹም ወላጆች አይተውታል። ፖሊስ ጠርቶት ቃሉን ሰጥቷል። ገንዘቡ ከጠፋ በኋላ ክፍል ገብቶ ማስተማር ለወራት እንደከበደው ሲነግረኝ ድምፁ ይቆራረጥ ነበር። እኔም ፎቶውን ለመለጠፍ አንድ ቀን ብቻ ነበር የቀረኝ። ለዚህ ነው በዚህ ጽሑፍ ስምም ፎቶም የሌለው፤ ለዚህም ነው እናንተም በእጃችሁ ያለውን መታወቂያ ለፖሊስ እንጂ ለግሩፕ እንዳትሰጡ የምለምነው።

መታወቂያ ስናይ የምንረጋጋው በአካል ሲቀርብ ባለቤቱን ከፎቶው ጋር ማስተያየት ስለለመድን ነው። በስልክ የተላከ ፎቶ ግን ከላኪው ጋር ምንም የሚያገናኘው ነገር የለም። ፋይዳ የጣት አሻራ፣ የዐይን ብሌንና የፊት ገጽታ ተወስዶ የሚሰጥ ነው፤ ፎቶግራፉ ግን አሻራ የለውም። ከመምህሩ ጋር ሆነን የደረሰብንን ስናስተያይ ሌላም ነገር ተገለጠልን፤ ይህ ሰው የሚዋሸው እውነት በሆነ ነገር ላይ ተመርኩዞ ነው። በቪዲዮ እንድንነጋገር ስጠይቀው በዱባይ የኢንተርኔት ጥሪ እንደተገደበ ነገረኝ። በተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ በቴሌግራምና በዋትስአፕ መደወል የተገደበ መሆኑ እውነት ነው፤ ዘመድ እዚያ ያለው ሁሉ ያውቀዋል። የባንክ ገደቡም እውነት ነው። መታወቂያውም እውነተኛ መታወቂያ ነው። ሐሰት የሆነው እሱ ራሱ ብቻ ነበር። ጥሪ ባይቻል እንኳ መታወቂያውን በእጁ ይዞ፣ ፊቱን እያሳየ፣ የእኔን ስምና የዕለቱን ቀን የሚናገርበት አጭር ቪዲዮ ቀርጾ እንዲልክ መጠየቅ እችል ነበር፤ ለመላክ የሚከለክለው ሕግ የለም።

ቻናሉን በሚመለከት ኋላ ተመልሼ ያየሁትን ልንገራችሁ። ከ21,000 በላይ አባላት አሉት፤ እያንዳንዱን ማስታወቂያ የሚያየው ሰው ግን ከ300 አይበልጥም። አስተያየት መስጫው ዝግ ነው። ወደ መጀመሪያዎቹ መልእክቶች ወጥቼ ስመለከት ቻናሉ ቀድሞ የእግር ኳስ ውርርድ ግምት ይለቀቅበት የነበረ ሲሆን፣ ስሙ የተለወጠበት ማስታወሻ በመካከል ተቀምጧል። "ዕቃው ደርሶኛል፣ አመሰግናለሁ" የሚሉት የደንበኞች ስክሪንሾቶች ላኪያቸው የተለያየ ሰው ቢመስልም የስልኩ ባትሪ በአራቱም ላይ 47 በመቶ ነው። ይህን ለማየት የፈጀብኝ ሩብ ሰዓት አይሞላም፤ የፈጀሁት ግን ከከፈልሁ በኋላ ነበር።

የሒሳቡ ባለቤት የሆነችው ሴት ማን እንደሆነች ፖሊስ የሚያጣራው ነው፤ ስለ እሷ ምንም ለማለት መብት የለኝም። መምህሩ የከፈለው ግን በሌላ ባንክ፣ በሌላ ሰው ስም ወደ ተከፈተ ሒሳብ ነው። ሰውዬው የሌሎችን ሒሳብ እየተዋሰ ወይም እየተከራየ ይሠራል ብዬ እጠረጥራለሁ። ወጣት ልጆች ያሏችሁ ወላጆች፣ ሒሳብህን ለጥቂት ቀን አውሰኝ፣ ሲም ካርድ በስምህ አውጣልኝ፣ ትንሽ ብር እሰጥሃለሁ የሚል ሰው ሲመጣ እንዲያባርሩት ንገሯቸው። ጉዳዩ ሲመረመር በመጀመሪያ የሚጠራው ስሙ ደረሰኙ ላይ የተጻፈው ሰው ነው።

እኔና መምህሩ በየከተማችን ለፖሊስ አመልክተናል። ስለ ኮምፒዩተር ወንጀል የወጣው አዋጅ ቁጥር 958/2008 በአንቀጽ 10 ማንነትን አሳስቶ በመግለጽ ሰውን ማታለልን፣ በአንቀጽ 11 ደግሞ የሌላን ሰው የኤሌክትሮኒክ ማንነት መረጃ ያለ ፈቃድ መያዝና ማስተላለፍን በወንጀል ያስቀጣል፤ ስለዚህ አቤቱታችሁን ስትጽፉ የጠፋውን ገንዘብ ብቻ ሳይሆን የተወሰደውንም መታወቂያ በግልጽ አስመዝግቡ። አዋጁ አገልግሎት ሰጪዎች የግንኙነት መረጃን ለአንድ ዓመት እንዲያቆዩ ያዛል፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣ አመልካች ዱካው ሊጠፋበት ስለሚችል አትዘግዩ። ለባንካችሁም ገንዘቡ በወጣበት ሰዓት ውስጥ አመልክቱ። እኔ የደረስሁት በማግስቱ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ያለ ፖሊስ ወይም ያለ ፍርድ ቤት ደብዳቤ ከተቀባዩ ሒሳብ ምንም ማንቀሳቀስ እንደማይቻል ተነገረኝ። አቤቱታ የተቀበለኝ ሰው መዝገብ ቁጥር ሰጥቶኛል፤ እናንተም ቁጥሩን ሳትይዙ አትውጡ፤ ነገ ስማችሁ በሌላ ሰው አቤቱታ ላይ ቢነሣ ቀድማችሁ ያመለከታችሁ መሆኑን የሚያሳይላችሁ እሱ ነው።

በተመሳሳይ መንገድ የከፈላችሁ ካላችሁ፣ ገንዘቡ ትንሽ ነው ብላችሁ አትተዉት። የአንድ ሰው 5,000 ብር ለመርማሪ ቀላል ጉዳይ ሊመስል ይችላል፤ ተመሳሳይ አሠራር ያላቸው አምስትና ስድስት አቤቱታዎች አንድ ላይ ሲቀርቡ ግን የሒሳብ ቁጥሮቹና የስልክ ቁጥሮቹ እርስ በርስ መያያዝ ይጀምራሉ። ደረሰኛችሁን ይዛችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ የማንንም መታወቂያ ግን አልጠይቅም፤ በእኔ ስም የሚጠይቃችሁ ሰው ካለ እኔ አይደለሁም።

የእኔ ፎቶ በእሱ እጅ ከገባ ወራት ተቆጥረዋል። በመምህሩ ላይ ያደረገውን በእኔም ላይ እንደሚያደርግ አልጠራጠርም። ስለዚህ አንድ ሻጭ ሊያረጋጋችሁ ብሎ የጎልማሳ ሰው ፋይዳ መታወቂያ ቢልክላችሁ፣ ከመታወቂያው በታች ያለውን ተመልከቱ። ሰማያዊ ሽፋን ያለው ደብተር ላይ የተቀመጠ ከሆነ፣ በግራ ጥጉም የእስክሪብቶ ጫፍ ከታየ፣ ያ የእኔ መታወቂያ ነው፤ የሚያናግራችሁ ግን እኔ አይደለሁም። ምንም ገንዘብ አትላኩለት፤ ማወቃችሁንም አትንገሩት። መልእክቱ ሳይጠፋ ቅጂውን አስቀምጡና ላኩልኝ፤ በመዝገቡ ላይ የማስገባው ቀጣይ ማስረጃ እሱ ይሆናል።