ቸኮሌት እርጎ በቤት ለማቀዝቀዝ፦ ገንዘባችሁን ማሽኑ ላይ ወይስ እርጎውና ካካዎው ላይ?

አዳማ ላይ ሙቀቱ ሲጠና የአይስክሬም ማሽን ዋጋ የሚጠይቅ ሰው ይበዛል። ሐሳቡ ጥሩ ነው፦ በእርጎ የተሠራ ቸኮሌት አይስክሬም ቢጤ፣ ስኳሩ በራስ እጅ የተመጠነ፣ ልጆች ቢደግሙትም ብዙ የማያሳስብ። ችግሩ ብዙ ሰው ከማሽኑ ይጀምርና ለእርጎውና ለካካዎው ሲደርስ "የተገኘው ይሁን" ማለቱ ነው። እኔ ብሆን ቅደም ተከተሉን እገለብጠዋለሁ። ለጤና የሚበጀውም የሚጎዳውም ያለው የካካዎው ጣሳና የእርጎው ኩባያ ውስጥ ነው፤ የማሽኑ ሥራ ማለስለስ ብቻ ነው።

ለማነጻጸር ያህል፣ ተራ የቸኮሌት አይስክሬም በ100 ግራም ውስጥ ወደ 25 ግራም ስኳርና ወደ 11 ግራም ስብ ይይዛል። ምንም ያልተጨመረበት የሙሉ ወተት እርጎ ደግሞ 5 ግራም ገደማ ስኳር (እሱም የወተቱ የራሱ ነው) እና ከ3 እስከ 4 ግራም ስብ ቢኖረው ነው። ልዩነቱ ሰፊ ነው፤ ነገር ግን አንድ ያለቦታው የተገዛ የካካዎ ጣሳ ያጠፋዋል።

ካካዎው

ጊዜ ወስዳችሁ ምረጡ የምለው እዚህ ላይ ነው። ሱቅ ገብታችሁ ካካዎ ስትጠይቁ ከመደርደሪያው የሚወርድላችሁ ከሁለት አንዱ ነው። አንዱ ንጹሕ የካካዎ ዱቄት ነው። ሌላው በወተት ተበጥብጦ እንዲጠጣ የተዘጋጀ፣ ስኳር፣ አንዳንዴም የወተት ዱቄትና ብቅል የገባበት ነው። "ይሄ ስኳር አለው እንዴ ወንድሜ?" ብትሉ "ያው ነው እህቴ፣ ሁሉም ካካዎ ነው" ልትባሉ ትችላላችሁ። ያው አይደለም። ጣሳውን አዙሩና ይዘቱ የተዘረዘረበትን ደቃቅ ጽሑፍ ፈልጉ። ዝርዝሩ የሚጻፈው ከሚበዛው ወደሚያንሰው ስለሆነ፣ ስኳር መጀመሪያ ላይ ከተቀመጠ በእጃችሁ ያለው ካካዎ የነካው ስኳር ነው። ቀጥሎ ሰንጠረዡ ላይ በ100 ግራም ስንት ስኳር እንዳለ እዩ። ንጹሑ 2 ግራም እንኳ ላይሞላ ይችላል፤ ከሚጠጣው ዓይነት ግን 70 እና ከዚያ በላይ የሚይዝ አለ።

"ንጹሑ ይወደዳል" የሚለውን ሙግት አውቀዋለሁ። እስቲ አስሉት፦ 400 ግራም የሚመዝን ጣሳ ከመቶ 70 እጁ ስኳር ከሆነ፣ ለካካዎውና ለሌላው ሁሉ የቀረው 120 ግራም ብቻ ነው። 280ው ግራም ስኳር ነው። ወንጂ አፍንጫችን ሥር ተቀምጦ ስኳርን በካካዎ ዋጋ መግዛት ምን ይባላል?

ንጹሑም ራሱ ሁለት ዓይነት ነው። ተፈጥሯዊው ፈዘዝ ያለ፣ ወደ ቀይ የሚያደላ ቡናማ ሲሆን ጣዕሙ ኮምጠጥ ይላል። ሁለተኛው በአልካላይ፣ ማለትም ኮምጣጣነትን በሚሽር ንጥረ ነገር የታከመው ነው፤ ዝርዝሩ ላይ ፖታሲየም ካርቦኔት የሚል ካያችሁ እሱ ነው። ዘዴው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከኔዘርላንድ የመጣ ነው። ቀለሙ ጠቆር፣ ጣዕሙ ለስለስ ያደርጋል፤ ነገር ግን ካካዎ ለልብና ለደም ሥር ይበጃል የሚባልበትን ፍላቫኖል የተባለ ንጥረ ነገር በእጅጉ ይቀንሰዋል። ለጤና ብቻ ከሆነ እንግዲህ ተፈጥሯዊው ያሸንፋል። ሆኖም የእኛ እርጎ ራሱ ኮምጣጣ ነው፤ ኮምጣጣ በኮምጣጣ ላይ ሲደረብ እጃችን ወደ ማሩ መሄዱ አይቀርም። ስለዚህ እርጎው በጣም ከኮመጠጠ ጠቆር ያለውን፣ ተጠልሎ ጣዕሙ ከለሰለሰ ተፈጥሯዊውን እመርጣለሁ።

የሚቆረሰው ጥቁር ቸኮሌት? በባጃጅ ቤት እስክትደርሱ ወረቀቱ ላይ ይቀልጣል፤ ከመቶ 70 እጅ ካካዎ የሚለውም ቢሆን የቀረው አብዛኛው ስኳር ነው። ከላይ ለመፈቅፈቅ ካልሆነ ይቅር።

እርጎው

የእንጆሪም ሆነ የሌላ ጣዕም የተጨመረበትን እዚያው ተዉት፤ ጣፋጭ ሆኖ ነው የሚመጣው። የቀሩት ከወተት ቤት በሊትር የሚቀዳው ባህላዊው እርጎና በፋብሪካ የታሸገው ተራ እርጎ ናቸው።

የወተት ቤቱ ወፍራም ነው፣ ስቡ ሙሉ ነው። ዕቃው በወይራ የታጠነ ከሆነ ደግሞ የጢሱ ጠረን ከካካዎ ጋር ሲገናኝ ከየትኛውም አይስክሬም ቤት የማይገኝ ጣዕም ይወጣዋል (ሁሉም ሰው እንደማይወደው አውቃለሁ፤ እኔ እወደዋለሁ)። ግን ሳትገዙ በፊት አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ ወተቱ ሳይረጋ በፊት ፈልቷል ወይ? ካልፈላ ወተት ብሩሴሎሲስ የሚባለው በሽታና የከብት ቲቢ ሊተላለፍ ይችላል፤ ፍሪዘር ደግሞ ጀርሞቹን አያጠፋም፣ ያስተኛቸዋል እንጂ። መልሱ ካላረካችሁ ጥሬ ወተት ግዙና ራሳችሁ አፍሉት፤ ለብ ሲል ሁለት ማንኪያ ጥሩ እርጎ ጨምሩበትና ሸፍናችሁ አሳድሩት። በአዳማ ሙቀት ጠዋት ረግቶ ታገኙታላችሁ።

የታሸገው ጣዕሙ አይለዋወጥም፣ የወተቱ ነገርም አያሳስብም። ይዘቱ ላይ ግን ወተትና የእርጎ እርሾ ብቻ የሚለውን ፈልጉ። ስታርች ወይም ጄላቲን የገባበት ሲያዩት ወፍራም ይመስላል፤ ስታጠልሉት ግን ውኃውን አይለቅም።

ማጥለሉ ደግሞ የሥራው ዋና ነው። ንጹሕ ሻሽ ወንፊት ላይ አንጥፋችሁ፣ ወንፊቱን ጎድጓዳ ሳህን ላይ አስቀምጡና አንድ ሊትር እርጎ ገልብጡበት፤ ፍሪጅ ውስጥ ይደር። ውጭ ከተዋችሁት በዚህ ሙቀት መኮምጠጡን ይቀጥላል። ጠዋት ሳህኑ ውስጥ ቢጫማ አረንጓዴ አጓት፣ ሻሹ ላይ ደግሞ ግማሽ ያህል የሆነ፣ በማንኪያ የሚቆረጥ እርጎ ይቀራል። ከአጓቱ ጋር ኮምጣጣነቱም የወተቱ ስኳርም በከፊል ይሄዳል። ውኃው ሲቀንስ ሲቀዘቅዝ የሚፈጠረው የበረዶ ቅንጣትም ይቀንሳል። ማሽን የሚገዛበት ግማሹ ምክንያት በአንድ ሜትር ሻሽ አለቀ ማለት ነው። አጓቱን ዳቦ አቡኩበት።

ማር፣ ስኳር ወይስ ሙዝ?

ማር ተፈጥሯዊ ነው ብሎ እንደልብ ማፍሰስ አያስኬድም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 ባወጣው መመሪያ ማርን ከስኳር ጋር ነው የቆጠረው፤ ለአዋቂ በቀን ከ50 ግራም እንዳይበልጥ፣ ቢቻል ወደ 25 ግራም ዝቅ እንዲል ይመክራል። አንድ የሾርባ ማንኪያ ማር ወደ 17 ግራም ስኳር አለው። አንድ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ደግሞ ማር ጭራሽ አይሰጥም። የእኔ ምርጫ ልጣጩ ጠቃጠቆ ያወጣ የበሰለ ሙዝ ነው፤ ያጣፍጣል፣ አሰሩም (ፋይበሩ) እንዳለ ነው፣ ሲቀዘቅዝም ክሬም ይሆናል። ሙዝ ሙዝ እንዲል ካልፈለጋችሁ ግማሹን በማር ተኩት።

ማሽኑ

ርካሹ ማሽን ማዞሪያው ኤሌክትሪክ ሆኖ፣ ሳህኑ አስቀድሞ ፍሪዘር ውስጥ ከ12 እስከ 24 ሰዓት የሚያድረው ነው። መብራት በመሃል ከሄደ ሳህኑ በደንብ አይቀዘቅዝም፤ እርጎውም ሾርባ ሆኖ ይወጣል። ከመግዛታችሁ በፊት ሳህኑን ለኩና የፍሪጃችሁ የላይኛው ክፍል ይችለው እንደሆነ እዩ፤ በትንንሾቹ ፍሪጆች ብዙ ጊዜ አይገባም። የራሱ ኮምፕሬሰር (ማቀዝቀዣ ሞተር) ያለው ማሽን ደግሞ ሳህን ማሳደር አያስፈልገውም፣ ውጤቱም ከሁሉም የለሰለሰ ነው። ዋጋውና ክብደቱ ግን ለሚነግድበት ሰው እንጂ በወር አንድ ሁለቴ ለሚሠራ ቤት አይመጥንም።

ብሌንደር ካላችሁ ሌላ አትግዙ። ሙዙን ቆራርጣችሁ፣ የተጠለለውን እርጎ በበረዶ መሥሪያው ትሪ አድርጋችሁ ፍሪዘር ውስጥ አጠጥሩ፤ ከዚያ ከካካዎው ጋር ፍጩት። ደካማ ሞተር እንዳይቃጠል የጠጠረው ከመፈጨቱ በፊት አምስት ደቂቃ ውጭ ይቆይ፣ ብሌንደሩንም በየመሃሉ አሳርፉት።

ብሌንደርም ከሌለ ዝርግ የብረት ትሪና ሹካ ይበቃል። ለስድስት ሰው ከአንድ ሊትር የተጠለለ እርጎ፣ አራት የሾርባ ማንኪያ ካካዎ፣ ሁለት ሙዝ ወይም ሦስት ማንኪያ ማር፣ ቁንጥር ጨው ያዙ። ካካዎውን በቀጥታ ቀዝቃዛ እርጎ ላይ አትነስንሱት፤ ይንሳፈፋል፣ ይጓጉላል። በጥቂት የፈላ ውኃ ለውሱት፤ መጀመሪያ አልዋሐድ ይልና ድንገት የሚያብለጨልጭ ጥቁር ልጥፍ ይሆናል፣ ሽታውም ያኔ ነው የሚወጣው። ሲበርድ ከእርጎው፣ በሹካ ከደቆሳችሁት ሙዝ ወይም ከማሩ፣ ከጨውም ጋር አዋህዱና ትሪው ላይ ስስ አድርጋችሁ አፍስሱ፤ ፍሪዘር ውስጥም አስገቡት። በየግማሽ ሰዓቱ ከዳር ወደ መሃል በሹካ እያመሳችሁ ሁለት ሦስት ሰዓት አቆዩት።

ስኳሩ ስላነሰ ካደረ እንደ ድንጋይ ይጠጥራል። አይስክሬም ቤት ያለው ለስላሳ የሚሆነው ስኳሩ ውኃው ሙሉ በሙሉ እንዳይረጋ ስለሚከለክል ነው። ከመቅረቡ አሥር ደቂቃ ቀደም ብላችሁ አውጡት። መብራት ሄዶ ከቀለጠና ከሞቀ መልሳችሁ አታቀዝቅዙት።

ለረቡዕና ዓርብ፣ ለዐቢይ ጾምም እርጎው በወፍራም የለውዝ ወተት ይተካ፤ ሙዙን ወደ አራት ከፍ አድርጉ፣ ካካዎው እንዳለ ይሁን። ንጹሑ ካካዎ ወተት የለበትም፤ የሚጠጣው ዓይነት ግን የወተት ዱቄት ሊኖረው ስለሚችል በጾም ቀንም ጣሳው መነበብ አለበት።