ነበልባል የሚያረጋ ሬጉሌተር፤ ጌጁ ግን የቀረውን ጋዝ አይነግራችሁም

የድሮው ሬጉሌተሬ፣ ማለትም ከጋዝ ሲሊንደሩ ወደ ምድጃው የሚሄደውን ግፊት የሚቆጣጠረው ዕቃ፣ ሁለተኛውን ምድጃ በከፈትኩ ቁጥር የመጀመሪያውን ያደክመዋል። ስዘጋው ደግሞ ነበልባሉ ፉ ብሎ ይነሳል። አሁን የያዝኩት ለምድጃው የሚሰጠው ግፊት በ30 ሚሊባር (ሚሊባር የግፊት መለኪያ ነው) የተወሰነ፣ የሲሊንደሩን ግፊት በመርፌ የሚያሳይ ጌጅ ያለው ነው፣ በጣም ወድጄዋለሁ።

ነበልባል ረግቶ የሚቆመው ጋዙ የሚወጣበት ፍጥነትና እሳቱ ወደ ኋላ የሚጓዝበት ፍጥነት ሲመጣጠኑ ነው። ፕሮፔን የሚባለው የምድጃ ጋዝ ከአየር ጋር በልኩ ሲደባለቅ እሳቱ የሚጓዘው በሰከንድ 40 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው፣ ብዙ አይደለም። ግፊቱ ሲበዛ ጋዙ ይቀድመዋል፤ ነበልባሉ ከምድጃው ራስ ይላቀቃል፣ ይጮኻል፣ አንዳንዴም ድርግም ይላል፣ ጋዙ ግን መውጣቱን ስለማያቆም ትልቁ አደጋ እሱ ነው። ሲያንስ ደግሞ እሳቱ ወደ ውስጥ ሊገባ ይችላል።

ሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ግፊት ደግሞ አንድ ቦታ አይቆምም። ፕሮፔን በ20 ዲግሪ ከ7 ባር በላይ ይገፋል፤ ብዙ ሲነድ ግን ፈሳሹ በመትነን ብቻ ስለሚቀዘቅዝ ግፊቱ ይወርዳል። ይህን ውጣ ውረድ ውጦ ለምድጃው እኩል የሚያደርሰው ሬጉሌተሩ ውስጥ ያለው ሞላና ስስ ላስቲክ ነው። የዚህኛው ጎበዝ ነው፦ ሁሉንም ምድጃ ለኩሼ ከአንዱ በቀር አንድ በአንድ ስዘጋ፣ በቀረው ላይ ያለችው ሰማያዊ ሹል ነበልባል ንቅንቅ አላለችም።

ጌጁ ላይ ግን ቅር ብሎኛል። ማሸጊያው ላይ ምን ያህል ጋዝ እንደቀረ ያሳያል ይላል፣ ውሸት ነው። ፈሳሽ እስካለ ድረስ ግፊቱን የሚወስነው ሙቀቱ ነው፣ ስለዚህ መርፌው የሚወርደው ጋዙ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ነው። የቀረውን ማወቅ ከፈለጋችሁ ሲሊንደሩን መዝኑት። ጌጁ የሚጠቅመው ለሌላ ነገር ነው፤ ምድጃውን ዘግታችሁ ሲሊንደሩን ከፍታችሁ መልሳችሁ ዝጉት፣ መርፌው ቀስ እያለ ከወረደ የሆነ ቦታ ያፈሳል ማለት ነው። ቦታውን በሳሙና አረፋ ፈልጉት፣ በክብሪት በፍጹም!

የሬጉሌተሩ የአየር መተንፈሻ ቀዳዳ ወደ ጎን መሆኗም አልተመቸኝም። ወደ ታች ብትሆን ውሃና ቆሻሻ አይደፍናትም ነበር።

ከመግዛታችሁ በፊት ምድጃችሁ ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ እዩ። 37 ሚሊባር የሚል ከሆነ ይሄኛው አይሆናችሁም፣ የራሱን ፈልጉለት።