ቀስ እያለ ለሚተነፍስ የኤቲቪ ጎማ፦ ፈሳሽ ማሸጊያ ወይስ ካላማዳሪ?

የኤቲቪ (ለአስቸጋሪ መንገድ የሚሆን ባለአራት ጎማ ሞተር) ጎማ የሚሞላው ነፋስ ትንሽ ነው፣ ብዙዎቹ ከ4 እስከ 8 ፒኤስአይ (የነፋስ ግፊት መለኪያ) ብቻ፣ ስለዚህ 2 ፒኤስአይ እንኳን ቢጎድል መሪው ላይ ወዲያው ይታወቃል። ከየት እንደሚወጣ ሳታውቁ ግን ምንም አትግዙ እባካችሁ፣ የሳሙና ውሃ ቫልቩ ላይ፣ ጥርሱ ላይ፣ ጎማና ቸርኬው የሚገናኙበት ዙሪያውን አፍስሱና አረፋው የሚነሳበትን እዩ።

ዋጋ፦ ጎማ ውስጥ ገብቶ ቀዳዳ የሚደፍነው ፈሳሽ ይረክሳል፣ ካላማዳሪ ላይ የጎሚስታ እጅ ይጨመራል።

ቅለት፦ ፈሳሹን በቫልቩ ከትቶ ነፋስ ሞልቶ ትንሽ መንዳት ነው፣ አለቀ። ለካላማዳሪ ጎማው መውለቅ አለበት፣ የኤቲቪ ጎማ ደግሞ ቸርኬውን ጥብቅ አድርጎ ስለሚይዝ ማውለቁ ያለፋል።

ስጋት፦ ፈሳሹ እየቆየ ይደርቃል፣ የጎማ ጎን ከተቀደደም አይደፍንም። ካላማዳሪ ግን በዚህ ትንሽ ነፋስ ድንጋይ ስትረግጡ በጎማውና በቸርኬው መሃል ተቆንጦ ይቀደዳል፣ ያኔ ቀስ ብሎ ሳይሆን ባንዴ ነው የሚተነፍሰው፣ እኔ በጣም የምፈራው ይሄንን ነው።

እሾህ ወይ ሚስማር ጥርሱን ከበሳው ፈሳሽ ይበቃል። ቸርኬው ዝጎ ጎማው አልገጥም ካለና ማጽዳቱም ካልረዳ ካላማዳሪ። ቫልቩ ከሆነ ሁለቱንም ተዉትና ቫልቩን ቀይሩ።