አማካሪ ኮሚቴ ወይስ የጋራ ውሳኔ ሰጪ ቦርድ?

ነዋሪዎችን በጤና ሥራ ለማሳተፍ ሁለት መንገዶች አሉ፦ ሐሳብ ብቻ የሚሰጥ አማካሪ ኮሚቴ እና ነዋሪዎች ከጤና ተቋሙ ጋር አብረው የሚወስኑበት የጋራ ቦርድ። አማካሪ ኮሚቴ በጥቂት ሳምንታት ይቋቋማል፤ ወጪውም ቀላል ነው። ለአጭር ዘመቻ ይበቃል። ችግሩ ነዋሪዎች ብዙ ጊዜ የሚጠሩት ዕቅዱና በጀቱ ከተወሰነ በኋላ መሆኑ ነው። ሐሳባቸው ቃለ ጉባኤ ላይ ይሰፍርና እዚያው ይቀራል፤ ሰውም ቀስ በቀስ ከስብሰባ ይቀራል።

የጤና ልዩነትን፣ ማለትም አንዱ የኅብረተሰብ ክፍል ከሌላው በጤና ወደኋላ መቅረቱን፣ ለማጥበብ የምንመርጠው የጋራ ቦርድን ነው። ለመመሥረት ወራት ይፈጃል፤ አስቀድሞም የጽሑፍ ስምምነት ይፈልጋል። ቢያንስ ግማሹ መቀመጫ የነዋሪዎች ይሁን፤ ገንዘብ በሁለቱም ወገን ፊርማ ይውጣ፤ የሚሰበሰበው የጤና መረጃ የማን እንደሆነ ይገለጽ። ስብሰባው ከሥራ ሰዓት ውጭ ይሁን፤ ትራንስፖርትና የልጅ ጠባቂ ይሸፈን፤ አበሉ በዕለቱ ይከፈል። ይህ ከተዘነጋ መምጣት የሚችሉት ጊዜና ገንዘብ ያላቸው ብቻ ናቸው፤ በጤና አገልግሎት ወደኋላ የቀሩት እዚህም ይቀራሉ።

የኮሚቴውና የቦርዱ ልዩነት መረጃ ሲነበብ ጎልቶ ይወጣል። የክትባት ሽፋን 90 በመቶ ደርሷል ቢባል፣ ኮሚቴው ሰምቶ ከማለፍ ያለፈ ሥልጣን የለውም። ቦርዱ ግን ቁጥሩ በየሰፈሩ ተለይቶ እንዲቀርብ ያዛል። አንዱ ሰፈር 60 በመቶ ላይ ከተገኘ ምክንያቱን የሰፈሩን እናቶች ይጠይቃል፤ እንቅፋቱ የሥራ ሰዓት ከሆነ የክትባቱን ቀን ወደ ቅዳሜ ያዛውራል።