መርፌ ለሚተኩሰው ጠመንጃ ቀብድ ልትከፍሉ ያሰባችሁ፣ ይህን ሳታነቡ አትክፈሉ

በባሕር ዳር ዙሪያ፣ በሐሙሲት፣ በወረታና በመራዊ ከብት በሚያደልቡ ሰዎች መካከል አንድ የቴሌግራም ማስታወቂያ እየዞረ ነው። ከብቱ ሳይያዝና ሳይታሰር ከሩቅ መድኃኒት የሚወጋ ጠመንጃ፣ ከነመርፌው፣ ከነጋዙ፣ ከነማደንዘዣው። ዋጋው ደህና ወይፈን ይገዛል። ግማሹ ቀብድ ነው፤ ማኅበራት አዋጥተው እንዲገዙም ይወተውታሉ። የአጎቴ ልጅ ገዝቶት ሳጥኑን ከአንድ የእንስሳት ሐኪም ጋር ሆነን ከፍተን ዕቃውን አንድ በአንድ አየነው። ሻጩ ዛሬ ስልክ አያነሳም።

መሣሪያው በራሱ ውሸት አይደለም። የዱር እንስሳት ሐኪሞች አንበሳና ዝሆን የሚያክሙት በዚህ ነው፤ ከብት በሰፊ ሜዳ ተለቆ በሚውልባቸው አገሮችም ይሠሩበታል። ነገሩ የተበላሸው እዚህ፣ ለእኛ ከብትና ለእኛ በሽታ ሲሸጥ ነው።

ከመጠኑ ልጀምር። በሳጥኑ ውስጥ ያሉት መርፌዎች የሚይዙት 5 ሚሊ ሊትር ነው። ትልልቆቹ እንኳ አብዛኛውን ጊዜ ከ10 አያልፉም። ሁላችንም የምናውቀው ጀርም ገዳይ መድኃኒት፣ ባለ 20 በመቶው ኦክሲቴትራሳይክሊን፣ ደግሞ ለ10 ኪሎ ክብደት 1 ሚሊ ሊትር ነው የሚሰጠው። 300 ኪሎ ለሚመዝን በሬ 30 ሚሊ ሊትር ያስፈልጋል፤ ስድስት ጊዜ ልትተኩሱበት ነው ማለት ነው። አንዷ ያረፈችበት በሬ ሁለተኛዋን ቆሞ ይጠብቃል ብላችሁ ነው? ሻጩን ስንጠይቀው «አንዱ ይበቃዋል» አለን። አይበቃውም። ጎዶሎ መድኃኒት ጀርሙን ሳይገድል ያላምደዋል፣ ከዚያ በኋላ ሙሉ መጠኑንም ብትሰጡት ላይሠራ ይችላል።

ገንዲም እንደዚሁ ነው። በጣና ዳር በተናካሽ ዝንብ የሚተላለፈው የደም በሽታ፣ ገንዲ፣ አለብን፤ ለ300 ኪሎ ከብት በውኃ የሚበጠበጠው የገንዲ መድኃኒት ዱቄት 15 ሚሊ ሊትር ገደማ ይሆናል። የትልና የቅማል መድኃኒቱ አይቨርሜክቲን በበኩሉ ከቆዳ ሥር የሚሰጥ ነው፣ ይህ መርፌ ግን ሥጋ ውስጥ ይገባል። የፎገራና የደንቢያ ሰው፣ ውኃ በሚተኛበት ሜዳ የምታሰማሩ ሁሉ፣ የእናንተ ዋና ጠላት የጉበት ትል ነው፤ መድኃኒቱ የሚዋጥ ነው። ጠመንጃ ክኒን አያውጥም።

መርፌው ሲመታም መድኃኒቱ ገባ ማለት አይደለም። ቀዳዳው ጫፉ ላይ ሳይሆን ጎኑ ላይ ነው፣ በትንሽ ጎማ ተሸፍኗል። ቆዳ ሲነካ ጎማው ወደ ኋላ ይንሸራተትና ከኋላ የታመቀው አየር መድኃኒቱን ይገፋዋል። እኛ በካርቶን ላይ ስንሞክረው ከፊሎቹ መድኃኒቱን እንደያዙ ወደቁ። ከመቅረብ አጥንት ይሰብራል፣ ከመራቅ ደግሞ ከሰዓት በኋላ ከሐይቁ የሚነሳው ነፋስ ይወስደዋል። መርፌውን የሚያስፈነጥረው የጋዝ ግፊት ለስንት ሜትር ስንት መሆን እንዳለበት የሚያሳይ ሰንጠረዥ የለውም። ሥጋ ውስጥ የሚሰጥ ብዙ መድኃኒት አንገት ላይ ነው የሚወጋው፤ ከሩቅ የሚተኩስ ሰው ግን የሚያነጣጥረው ሰፊው ታፋ ላይ ነው፣ ያም ጥሩው ሥጋ ያለበት ቦታ ነው። መርፌው ተሰብሮ ከቀረ ደግሞ ማን ሊነክሰው እንደሚችል አስቡት።

ከሁሉ ያስደነገጠኝ ማደንዘዣው ነው። ጠርሙሱ ላይ ዛይላዚን የሚል ብቻ ተጽፏል፤ አብሮት የመጣችው ወረቀት «ለፈረስና ለከብት» ብላ አንድ መጠን ትሰጣለች። ከብት በዚህ መድኃኒት ከፈረስ አሥር እጥፍ ገደማ በቀላሉ ይወድቃል! በፈረስ ልክ የተወጋች ላም ሆዷ ሞልቶ በጎኗ ትወድቃለች፣ ትነፋለች፣ የበላችው ወደ ሳንባዋ ይገባል። መውለጃዋ የተቃረበ ከሆነች ልታስወርድ ትችላለች። ማደንዘዣውን የሚያረክስ ማፍረሻ መድኃኒት አብሮ አልተሸጠም።

ማስታወቂያው ደግሞ እህል የሚያበላሽ ጉማሬ ማስተኛት ይቻላል ይላል፤ ዓባይ ከጣና ከሚወጣበት የተነሳ ፎቶ ለጥፈዋል። የተወጋ ጉማሬ የሚሸሸው ወደ ውኃ ነው፣ እዚያ ደንዝዞ ይሰምጣል። ከመስመጡ በፊት በአጠገቡ ታንኳ የሚቀዝፍ ሰው ካለ የሚሆነውን እግዜር ይወቀው። ያለ ፈቃድ የዱር እንስሳ መተኮስ ደግሞ በሕግ ያስጠይቃል። ባለሙያዎቹ እንኳ ሌላ መንገድ ካገኙ አይተኩሱም፦ በባሌ ቀይ ቀበሮን ከእብድ ውሻ በሽታ ለመጠበቅ እ.ኤ.አ. በ2018 የጀመሩት ክትባት በሥጋ ማባበያ ውስጥ ተደርጎ የሚበላ ነው።

ባሁኑ ጊዜ ጠመንጃ የመሰለ ነገር በትከሻ ይዞ ሜዳ ለሜዳ መዞር ምን እንደሚያስከትል ለባሕር ዳር ሰው አልነግርም።

የሚሸሽ ከብት ያስቸገራችሁ በዚያ ብር ክራሽ፣ ማለትም ከብት ለሕክምና የሚያዝበት ጠባብ አጥር፣ ሥሩ። የባሕር ዛፍ ግንድ፣ ጠባብ መግቢያ፣ መጨረሻው ላይ አንገት የሚይዝ መዝጊያ። ጎረቤት ቢያዋጣበት ያዋጣል፤ ክትባትም፣ የጉበት ትል ክኒንም፣ የእርግዝና ምርመራም እዚያው ይሠራበታል። ለመድኃኒቱ የወረዳችሁን የእንስሳት ጤና ባለሙያ ጥሩ።

ቀድማችሁ የገዛችሁ ካላችሁ፣ የማደንዘዣውን ጠርሙስ ልጆች ከማይደርሱበት ቆልፉበትና ለእንስሳት ሐኪም አስረክቡ፤ ሽንት ቤት አትድፉት፣ ለሌላም አትሽጡት። የከፈላችሁበትን የባንክ ማስረጃና የቴሌግራሙን ምልልስ አታጥፉ፤ ለፖሊስም ለንግድ ቢሮም ስትከሱ የሚጠየቀው እሱ ነው። የተወጋ ከብት ካላችሁ መቼ በምን እንደተወጋ ጻፉ፣ መድኃኒቱ ላይ የተጻፈው የመታገሻ ቀን (መድኃኒቱ ከሥጋውና ከወተቱ እስኪወጣ የሚጠበቀው ጊዜ) ሳያልፍ ለቄራ አታቅርቡት፣ ወተቱንም አትሽጡ። ሲታረድም መርፌው የገባበትን ቦታ ለአራጁ አሳዩት።