ባለ 3 ሚሊግራም የሜላቶኒን ኪኒን፦ የስብ ሕዋስም ይሰማዋል

በአሜሪካ ፋርማሲዎች ያለ ሐኪም ማዘዣ የሚሸጠውን ይህን ኪኒን የእንቅልፍ ብቻ አድርጎ ማየት ስህተት ነው። ሜላቶኒን ጨለማ መግባቱን ለሰውነት የሚያበስር ሆርሞን ነው፤ ተቀባዮቹ በስብ ሕዋሳት ላይም አሉ። የስብ ሕዋስ የራሱ የቀንና የሌሊት ሰዓት አለው፦ ቀን ለኢንሱሊን ቶሎ ይታዘዛል፣ ሌሊት ይዘገያል።

ትልቁ ጥፋት ኪኒኑን ከእራት ጋር መዋጥ ነው። ሜላቶኒን ከቆሽት የሚወጣውን ኢንሱሊን ስለሚቀንስ የደም ስኳር ከፍ ብሎ ይቆያል። እራት ቀድሞ ይበላ፣ ቢያንስ 2 ሰዓት ይለፍ፣ ከዚያ ለመኝታ 1 ሰዓት ገደማ ሲቀር ይወሰድ። መብራትም ይቀነስ፤ ደማቅ ብርሃን ሰውነት የሚያመነጨውን ያፍናል። 3 ሚሊግራም ለብዙ ሰው ይበዛል፣ ግማሹ ይበቃል። ቀስ ብሎ የሚለቀቀው ዓይነት ግን አይሰበር፤ ከተሰበረ መጠኑ በአንዴ ይለቀቃል።

ከረሜላ መሳዩን አንመክርም። በ2023 በወጣ የአሜሪካ ምርመራ ከ25 ምርቶች 22ቱ መለያቸው ላይ ከተጻፈው መጠን ጋር አልገጠሙም። የመድኃኒት ጥራት መስፈርት የሚያወጣው የአሜሪካ ድርጅት የዩኤስፒ (USP) ማረጋገጫ ምልክት ያለው ይመረጥ። ክብደት ለመቀነስ ብለው ባይገዙት ይሻላል፤ ደህና ውጤት የታየው በአይጦች ላይ ነው። ፍሉቮክሳሚን የተባለውን የድብርት መድኃኒት የሚወስድ ሰው ሐኪሙን ሳይጠይቅ አይጀምር፤ መድኃኒቱ በደም ውስጥ ያለውን ሜላቶኒን በብዙ እጥፍ ያሳድገዋል።